ፀሐይ ወዳዷን የጋረደው ሰሌዳ

አንቺዬ፣ ሰኞ ዕለት በዕፅዋት ማሳያው ያየሁትን ጉድ ልንገርሽ። አስጎብኚው ከረባቱን አስተካክሎ የበር ያህል ሰሌዳ ፊት አቆመንና፣ "ሄሊዮፋይት ማለት ፀሐይ ወዳድ ተክል ነው። በግሪክኛ ሄሊዮስ ፀሐይ፣ ፊቶን ደግሞ ተክል!" እያለ ሩብ ሰዓት አስተማረን። ተክሏ ግን በዚያው ሰሌዳ ጥላ ሥር ገርጥታ፣ አንገቷን ደፍታለች። ያንቺ የጓሮ ሱፍ ይሻላል፤ ግሪክኛ ሳይቆጥር ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ሲሞቅ ይውላል።

አትክልተኛዋ አላስቻላትም። "ጋሼ፣ ሰሌዳውን ትንሽ ፈቀቅ ላድርገው? ሳምንት አትከርምም እኮ!"

"አንቺ ደሞ! አለቃችን ሪባን የቆረጡለትን ማን ደፍሮ ይነካል? ይልቅ ውኃ ጨምሪላት።"

እሱ ዘወር ሲል ተክሏን ከነሥሯ ነቅላ ፀሐዩ ላይ ተከለቻት። ወዲያው ሌሎች ጎብኚዎች መጡ። አስጎብኚው ያንኑ ትምህርት በባዶው አፈር ላይ ደገመው፤ እነሱም ሰሌዳውን ፎቶ አንስተው፣ አመስግነው ሄዱ።

ካርዱ ጠበበኝ። እናትሽን ጉልበት ስመሽ፣ ልጆቹን እቅፍ አድርገሽ ሰላም በይልኝ። ዛሬ ጠዋት ተመልሼ ሄጄ ስለ ሱፍሽ ባወራላት አትክልተኛዋም ሰላም ብላሻለች፤ ተክሏ አዲስ ቅጠል አውጥታለች።