አዲሱ የፍሬን ቱቦ እና «አብሽር»

ደሴ፣ ማክሰኞ ኅዳር 9

የመኪናችንን የዛገ የፍሬን ቱቦ ዛሬ ግቢያችን ውስጥ ራሴ ቀየርኩ። ቱቦው ውስጥ የገባውን አየር ስናስወጣ ባለቤቴ ዘይነብ ፔዳሉን ረግጣ ያዘችልኝ፤ እኔ ከሥር ተኝቼ የማስተንፈሻውን ቡሎን ፈታሁ፣ አጠበቅሁ። ቡሎኑ ሳይጠብቅ እግሯን ካነሳች አየር ተመልሶ ይገባል፤ ፍሬኑም በደንብ አይይዝም።

«ሳላጠብቀው እግርሽን አላነሳሽም አይደል?» አልኳት።

«አብሽር» አለች።

ዘይነብ ደህና ሲሆንም አብሽር ትላለች፤ እንዳልጨነቅ ስትደብቀኝም። ፔዳሉን ስረግጠው ጠንካራ ነው፤ ግን ግቢያችን ቁልቁለት የለውም። ነገ ጠዋት በዚችው መኪና እናቷን ይዛ ኮምቦልቻ ትወርዳለች። ያ ጠመዝማዛ መንገድ ዓይኔ ላይ ድቅን አለ። አየሩን እንደገና ላስወጣ ብዬ ተነሳሁ፤ የፍሬን ዘይቱ አልቋል።

እራት ላይ እናቷ፣ «ልጄ፣ ፍሬኑ ይይዛል?» አሉኝ።

«አብሽሩ እማማ» አልኳቸው።

ዘይነብ ቀና ብላ አየችኝ።