በወረቀቱ ጥግ ስድስትና ሦስት

ሰኞ፣ ኅዳር 6

የዘጠነኛ ቢ ቴስት አርሜ ጨረስኩ። ሃምሳ ስምንት ወረቀት። ሁለት መስመሮች የት ላይ እንደሚገናኙ ፈልጉ ነበር ያልኩት፦ y = 2x + 3 እና y = -x + 9። ሁለቱን እኩል አድርጎ x ማውጣት፣ ከዚያ y። ሳምንት ሙሉ ጉሮሮዬ እስኪነቃ አስተምሬ፣ ግማሹ ክፍል ምልክት መቀየር ረስቷል። ጥፋቱ የእኔ ይሆን የእነሱ?

ሸምሳ ራሺድ (2, 7) ብላ መልሱን ብቻ ቁጭ አድርጋዋለች። ሥራ የለም። በወረቀቱ ጥግ «6፣ 3» የሚል ደቃቅ ጽሑፍ አለ። አጠገቧ የምትቀመጠው ሐሴት ደግሞ ያንኑ መልስ ከነሥራው። እንግዲህ ማን ከማን እንደኮረጀ ለማወቅ ነቢይ መሆን አያስፈልግም። ሸምሳ ዜሮ።

ውሃ ዛሬም አልመጣም።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 7

ወረቀት መለስኩ። ሸምሳን አስነሳኋት።

«ሥራሽ የታለ?»

«በጭንቅላቴ ነው የሠራሁት፣ ቲቸር።»

ክፍሉ ሳቀ። እኔም የሳቅሁ ይመስለኛል። ጥጉ ላይ ያለው ምንድነው ስላት «ስድስቱ መሀላቸው ያለው...» ብላ ጀመረች። አላስጨረስኳትም። «የሰው ላብ መስረቅ በጭንቅላት መሥራት አይባልም፣ ሌብነት ነው» አልኳት። ሃምሳ ሰባት ልጅ እየሰማ።

አላለቀሰችም። ወረቀቱን አራት ቦታ አጥፋ ተቀመጠች።

ረቡዕ፣ ኅዳር 8

ሸምሳ ቀርታለች። አፍራ ነው፣ ይለቃታል።

ዓርብ፣ ኅዳር 10

ሸምሳ ዛሬም የለችም። ሦስተኛ ቀኗ።

ከሰዓት ሐሴት መጣች። ነጥቧ ሲደመር አንድ ጎድሎባት ኖሯል። ልደምርላት ስል ሥራዋን ለመጀመሪያ ጊዜ አነበብኩት። 2x - x = 9 - 3 ትላለች። x ወዲህ ሲሻገር ምልክቱን አልቀየረችም። ቀጥሎ x = 6። ስድስት! ከሥሩ ግን፦ መልስ (2, 7)።

ከስድስት ወደ ሁለት በየት በኩል ደረሰች? እኔስ... ሰኞ መልሱን ብቻ አይቼ፣ ራይት ሰጥቼ አልፌያለሁ።

«ሐሴት፣ ይህ ሁለት ከየት መጣ?»

እንባዋ መጣ። «ከሸምሳ ነው ቲቸር... አባቴ እንዳይሰማ።»

አባቷ የቤተ ክርስቲያናችን ወንጌላዊ ናቸው። እሷ ኳየር ላይ የፊት ረድፍ ናት። ለምን አልጠረጠርኳትም? እዚህ ደብተር ላይ እንኳ ካልዋሸሁ... የእኛ ልጅ ናትና። ሸምሳስ የማን ናት? አወቅሽ አወቅሽ ቢሏት የባሏን መጽሐፍ አጠበች ማለት እኔ ነኝ።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 11

ጠዋት ጎዳናን፣ የፊዚክሱን አስተማሪ፣ መንገድ ላይ አገኘሁት። ሸምሳ ዶሎ ኦዶ ከተማ አክስቷ ሱቅ ልትገባ ነው አለኝ። ማክሰኞ የምትሄድበት መኪና ተይዟል። «ትምህርት በቃኝ ብላለች አሉ። ምን አድርገሻት ነው?» ነገርኩት። ቀልድ የማያልቅበት ሰውዬ ዛሬ ሳይቀልድ መንገዱን ቀጠለ። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ከብት ገበያ ሄድኩ። አባቷ ኦቦ ራሺድ ከወይፈኖቻቸው መሀል ቆመዋል፤ ሸምሳም እዚያው።

«አካም፣ ባርሲስቱ። ናጋ?» መምህርት፣ ሰላም ነው ወይ ማለታቸው ነው።

ሰላም የለኝም ማለት አማረኝ። «ናጋ» አልኩ። ከዚያ ሁሉንም ተናገርኩ፣ የሐሴትን ስም ብቻ ዋጥ አድርጌ። ሸምሳን ሲያስመዘግቡ አንቱ ብለውኝ ነበር። ዛሬ አንቺ አሉኝ። ሲያንሰኝ ነው።

«እኔ ፊደል አልቆጠርኩም። ልጄ ሌባ እንዳልሆነች ግን አውቃለሁ። አንቺ ተምረሽ እንዴት አላወቅሽም?»

«ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

«እዚህ ለእኔ ይቅርታ ምን ያደርጋል? በልጆቹ ፊት ያልሽው በልጆቹ ፊት ይመለስ። ሰኞ መጥቼ፣ ቆሜ እሰማለሁ። መሄድ መቅረቱን ከዚያ በኋላ እሷ ታውቃለች።»

ወደ ሸምሳ ዞርኩ። «ስድስትና ሦስቱ ምንድናቸው?»

አባቷን አየች። ከዚያ እኔን ሳይሆን መሬቱን እያየች፦ «አሬሮ ገበያ ሄደን ከብት ስንገዛ መንጋው ቀድሞን ይነሳል፣ እኛ ከኋላ እንሄዳለን። የት ላይ እንደምንደርስበት አባቴ ሁሌ ይጠይቀኛል። መሀላችን ስንት አለ? በቀን ስንት ይጠባል? በቃ። መስመሮቹም ሲነሱ አንዱ ሦስት ላይ፣ አንዱ ዘጠኝ ላይ ነው። መሀላቸው ስድስት። አንዱ ሁለት ሲወጣ ሌላው አንድ ይወርዳል፣ በየእርምጃው ሦስት ይጠባል። ሁለት እርምጃ።»

ሌላ ሰጠኋት፦ y = 4x + 1 እና y = x + 13።

«መሀላቸው አሥራ ሁለት፣ የሚጠበው ሦስት። x አራት። y አሥራ ሰባት።»

ትንፋሽ እንኳ አልወሰደችም። ማክሰኞ ግማሽ ደቂቃ ብታገሣት ይህን ሁሉ ትነግረኝ ነበር። ግማሽ ደቂቃ! የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም የሚሉት እውነት ነው።

እሑድ፣ ኅዳር 12

ሐሴት ኳየሩ ላይ ነበረች። ዓይን ለዓይን አልተያየንም። ወንጌላዊውን ጨብጬ ቶሎ ወጣሁ።

ሰኞ፣ ኅዳር 13

ኦቦ ራሺድ በትራቸውን ተደግፈው በሩ ላይ ቆሙ። ሰሌዳው ላይ 2x + 3 = -x + 9 ብዬ ጻፍኩ። ከሥሩ 3x = 6። ስድስቱም ሦስቱም እዚያው ቁጭ ብለዋል! ስምንት ዓመት ሳስተምር ምን እንደሆኑ አንድም ቀን አልጠየቅሁም። የሸምሳን መንገድ ከነመንጋው አስረዳሁ። ከዚያ ወደ እሷ ዞሬ «አልኮረጅሽም። ሌባ ያልኩሽ እኔ ነኝ ያጠፋሁት። ይቅርታ» አልኩ። ማንም አልሳቀም። ኦቦ ራሺድ ራሳቸውን በእሺታ ነቅንቀው ሄዱ።

የሐሴትን ነጥብ ለብቻዋ ጠርቼ ቀነስኩ። በክፍሉ ፊት ስሟን አላነሳሁም። አንዷን ለማንሳት ሌላዋን አልጥልም ብዬ... ወይስ የአባቷን ፊት ፈርቼ? የሸምሳን ስም ግን ለመጥራት አላመነታሁም ነበር።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 14

የዶሎ ኦዶ መኪና በጠዋት ወጥቷል። ሁለተኛ ፔሬድ ገብቼ ቆጠርኩ። ሃምሳ ስምንት። ተመስገን። ሸምሳ ግን ቦታ ቀይራ የመጨረሻው ዴስክ ላይ ናት።

ዓርብ፣ ታኅሣሥ 1

ሁለተኛው ቴስት። የሸምሳ ወረቀት አንድ ገጽ ሙሉ ሥራ ነው። ምልክት ስትቀይር እንኳ ለምን እንደቀየረች በጎን ጽፋለች። አሥር ከአሥር። ጥጉን ፈለግሁ። ባዶ።

ሥራሽ የታለ ብዬ አልነበር? ይኸው ሥራ። የተከሰሰ ሰው መልስ ይመስላል። ከሥሩ «በጭንቅላትሽ የሠራሽውም ይበቃል» ብዬ ጻፍኩላት። ከጻፍኩ በኋላ ነው በቀይ መሆኑን ያየሁት።

ሰኞ፣ ታኅሣሥ 4

ወረቀቱን ይዛ መምህራን ክፍል መጣች።

«እውነት ይበቃል፣ ቲቸር?»

«ይበቃል።»

«ለሌሎቹ ቲቸሮችስ?»

ጎዳና ቀና ብሎ አየኝ። «ለእኔ ይበቃል» አልኳት። «እሺ» ብላ ወረቀቱን አራት ቦታ አጥፋ ወጣች።

ከሰዓት ሰሌዳው ላይ አዲስ ጥያቄ ጻፍኩና ጠመኔውን አስቀመጥኩ። ከፊት ያሉት እጅ አወጡ። አልጠራኋቸውም። የሸምሳ ጣቶች ዴስኩ ላይ ሲቆጥሩ አየሁ፤ ከዚያ ቆሙ። አውቃዋለች። ግማሽ ደቂቃ ጠበቅሁ። አንድ ደቂቃ። ሁለት... ልጆቹ ማጉረምረም ጀመሩ። እጇን አላወጣችም።