ለእኔ የተለቀመ ድንጋይ

ቶሪኖ፣ ግንቦት 20 ቀን 1963

ውድ እናቴ፣

ናፍቆቴና ሰላምታዬ ካለሽበት ይድረስሽ። እንዴት ከረምሽ? ጉልበትሽስ ተሻለሽ? ስለ ዓይንሽ አልጠይቅሽም፤ በዓይኔ አይቼዋለሁ። አትደንግጪ፣ እነግርሻለሁ። እኔ ደህና ነኝ፤ ከፋብሪካው የክር ብናኝ የያዘኝ ሳል ብቻ አልለቀቀኝም።

ባለፈው ሳምንት የፋብሪካችን ሴቶች ቅዱስ ኒኮላን ልንሳለም በአውቶቡስ ባሪ ወርደን ነበር። ስንመለስ አልቤሮቤሎን እናያለን ሲሉ ልቤ ከደረቴ ልትወጣ ደረሰች። እኔ የዚያ አገር ልጅ ነኝ ብላቸው፣ ሮዛልባ የምትባል ጓደኛዬ "አንቺ? እዚያ ጣሪያው ሾጣጣ በሆነ የድንጋይ ቤት ውስጥ የሚኖሩት ድንክዬዎች ናቸው አሉ እኮ!" ብላ አሾፈችብኝ። ሳቅሁ። ድንገት ደርሼ ላስደስትሽ ብዬ እንደምመጣ አልጻፍኩልሽም ነበር።

ስድስት ዓመት ሙሉ ለምን ቀረች ብለሽ ይሆናል። እመጣለሁ ባልኩ ቁጥር ደብዳቤ ይደርሰኛል። "ግንቡ ገና ወገብ ላይ ነው፣ ዝናብ ያዘን።" በዓመቱ "ትከሻ ደረሰ፤ ጣሪያው ክፍት ነው፣ ብትመጪ ማደሪያ የለሽም። እጮኛሽ ኦሮንዞ ሰላም ይልሻል፣ እየጠበቀሽ ነው።" ባለፈው የካቲት ደግሞ "ሾጣጣው ሊገጥም አምስት ዙር ቀረው።" አንቺ ፊደል ስላልቆጠርሽ የምትጽፍልሽ እህቴ ጃቺንታ ናት፤ እኔም የአንቺ ቃል ነው ብዬ አምን ነበር። የግንበኛ ልጅ ነኝ፤ ያለ ጭቃ፣ ያለ ሲሚንቶ ድንጋይ በድንጋይ ላይ ሲጫን ጊዜ እንደሚወስድ አውቃለሁ። አባባ፣ ነፍሱን ይማርና፣ "ልጅ ስትዳር ቤቱ ላይ አንድ ሾጣጣ ይጨመራል" ብሎ መሠረቱን ሲጥልልኝ ድንጋዩን ከእርሻው በሽርጤ ያመላለስኩት እኔ ነኝ። የበሩ ደፍ ድንጋይ እግሬ ላይ ወድቆ ጥፍሬን ሲነቅለው አንቺ አይደለሽ ያሰርሽልኝ?

ሰፈራችን ስንደርስ በሩ ላይ ተቀምጠሻል፤ ከጎንሽ የደረቀ በለስ በቅርጫት። ሦስት የነበረው ሾጣጣ አራት ሆኗል። አራተኛው ተጠናቆ፣ ኖራ ተቀብቶ፣ ኖራው እንኳ አርጅቶ ይላጣል። ደንቡ ነውና ከበሩ በላይ ባለው ድንጋይ ላይ የሙሽሮቹ ስምና ዓመቱ ተቀርጿል። አነበብኩት። ኦሮንዞና ጃቺንታ፣ 1959። የኔ ኦሮንዞ! የኔ ታናሽ እህት! እነሱ አራት ዓመት የኖሩበትን ቤት እኔ እዚህ ሆኜ ዙር በዙር በጣቴ ስቆጥር ነበር። ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ ማለት ይኸው ነው።

ቀና ብለሽ አየሽኝ። አየሽኝ አልኩ እንጂ ዓይንሽን ሞራ ጋርዶታል፤ ይህንንም የጻፈልኝ የለም። "ግቡ ልጆቼ፣ እንኳን ደህና መጣችሁ" አልሽን። በለስ እጄ ላይ አስቀመጥሽና "ቅመሺ ልጄ" አልሽኝ። ለሮዛልባም እንደዚያው አልሻት። ሮዛልባ አፏ አያርፍም፣ "አዲሱ ክፍል የማን ነው እማማ?" ብላ ጠየቀችሽ።

አንቺም "የትንሿ ልጄ ነው" አልሽ። "ለታላቂቱ ነበር የታሰበው። እሷማ ቶሪኖ ሄዳ ሀብታም አገባችና 'ኦሮንዞንም ቤቱንም ለእህቴ ትቻለሁ፣ ድንጋይ ቤት አልመለስም' ብላ ጻፈችልኝ። ትንሿ ናት እያለቀሰች ያነበበችልኝ። ታላቂቱ እንግዲህ ረስታኛለች፣ ምን ይደረግ፣ እግዜር ይባርካት።"

እማማ፣ እንዲህ ያለ ደብዳቤ ጽፌ አላውቅም። ሀብታምም ድሃም አላገባሁም። በየወሩ ጽፌልሻለሁ፤ ምን ምን እያለች እንዳነበበችልሽ እሷና ፈጣሪ ያውቃሉ።

"እኔ ነኝ" ልልሽ አፌን ስከፍት ጃቺንታ ከጓዳ ብቅ አለች። ስታየኝ ፊቷ አመድ መሰለ። ከዚያ ምን አለችኝ መሰለሽ? "እመቤት፣ አውቶቡሱ እየጠበቀዎት ነው።" እኔን! አንድ ብርድ ልብስ ስንጓተት ያደግነውን! ክርኔን ይዛ እየመራች አስወጣችኝና በጆሮዬ "በማርያም፣ ብትነግሪያት ትሞትብናለች" አለችኝ። እኔም እንደ በግ ተነዳሁ። እስከ ሮም ድረስ ሮዛልባ "ምን ሆንሽ?" ስትለኝ "አውቶቡሱ አዙሮኝ ነው" አልኳት።

ኦሮንዞን ትውሰደው፤ አንድ ጊዜ እንኳ ራሱ ሊጽፍልኝ ያልፈለገ ወንድ ምን ይሠራልኛል። ቤቱም ይቅርብኝ። ግን እኔን በቁሜ ቀብራ፣ አንቺን በቁምሽ ልጅ አሳጥታ እንዴት እንቅልፍ ይወስዳታል? ይህ ነው ያንገበገበኝ።

ደብዳቤውን ለቄሱ ልኬ እሳቸው እንዲያነቡልሽ ማድረግ እችል ነበር። አልፈለግሁም። በዋሸችበት አፏ እውነቱንም ትናገረው። እኔ ግን መስከረም፣ ለቅዱሳኑ ሐኪሞች ለቆዝሞስና ለድምያኖስ በዓል እመጣለሁ፤ ያኔ ክርኔን የሚይዘኝ የለም።

ቅዱሳኑ ባለመድኃኒቶች ዓይንሽን ያብሩልሽ፣ ዕድሜሽንም ያቆዩልኝ።

ታላቂቱ ልጅሽ

ጃቺንታ፣ ይህ ላንቺ ነው። እስካሁን ያነበብሽው በልብሽ እንደሆነ አውቃለሁ። እማማ ፊትሽ ተቀምጣ "ዝም አልሽ እኮ፣ ምን ትላለች?" እያለችሽ ነው። በይ፣ መልሺላት።

እህትሽ