ግራ ዓይኔና የዓለም ሻምፒዮናው

ሐምሌ 18
ከሥራ በኋላ ጓደኛዬ ሥርጉት ቤት ስንጫወት አመሸን። ኳላ ላምፑር ለመሄድ አሥራ ዘጠኝ ቀን ቀረኝ። እኔ፣ የሐረር ፈረስ መጋላዋ ሞባይል ጠጋኝ፣ ለካርድ ጨዋታ የዓለም ሻምፒዮና! እማዬ ግን አሁንም "ካርታ ያው ቁማር ነው" ትላለች። ብር አይያዝበትም፣ አውሬና አስማተኛ የተሣሉባቸው ስልሳ ካርዶች እያሰባሰብሽ የምትገጥሚበት ነው ብዬ ስንቴ አስረዳኋት... "አላህ ያውቃል" ትላለች።
ዓይኔ ላይ ጥቃቅን ጥቁር ነገሮች ሲዋኙ ዋሉ። ድካም ይሆናል።

ሐምሌ 23
ጥቁሮቹ አልጠፉም። ዛሬ ደግሞ ብልጭታ። ስጨፍንም አለ፣ በግራ ጥግ፣ እንደ መብረቅ። ሥርጉት በግራ በኩል ያወረደችውን ካርድ ሳላየው ተሸነፍኩ።
"ሰሚራ፣ ምን ሆነሻል?"
"ምንም።"

ሐምሌ 24
ብልጭታው ሠላሳ ጊዜ። ከዚያ መቁጠር ተውኩ።

ሐምሌ 27
ለማንም ሳልናገር የዓይን ሐኪም ጋ ሄድኩ። ጠብታ አድርጋ ብዙ አየችኝ።
"የግራ ዓይንሽ ሬቲና፣ ከኋላ ያለው ስስ ሽፋን፣ ተቀዶ መላቀቅ ጀምሯል። በዚህ ሳምንት አዲስ አበባ ሄደሽ ኦፕራሲዮን መሆን አለብሽ።"
"ከነሐሴ አጋማሽ በኋላስ?"
"ያኔ ምን እንደሚተርፍልሽ አላውቅም።"
በኦፕራሲዮኑ ዓይን ውስጥ ጋዝ ስለሚገባ ለሳምንታት አውሮፕላን ክልክል ነው አለች። እንግዲህ ወይ ዓይኔ ወይ ሻምፒዮናው? ስድስት ዓመት ለፍቻለሁ... ጥቂት ቀን ምን ታመጣለች?

ሐምሌ 30
ዓይኔ ላይ ከግራ በኩል እንደ ግራጫ መጋረጃ ያለ ነገር መጣ። ኤረር በር ላይ ባጃጅ ሊገጨኝ ነበር። ከየት መጣ? አንዲት ጫት ሻጭ ክንዴን ይዛ ሳበችኝ። "አላህ አተረፈሽ፣ ልጄ።"

ነሐሴ 3
ሥርጉት ሐኪሟ ለአዲስ አበባ የጻፈችልኝን የሪፈር ወረቀት ቦርሳዬ ውስጥ አገኘችው። ሁለት ጊዜ አነበበችው።
"ለእናትሽ ትነግሪያለሽ ወይስ ልንገራቸው?"
"ከነገርሽ አንተዋወቅም።"
እያለቀሰች ወጣች። እንደማትናገር አውቃለሁ። ምነው በነገረች...

ነሐሴ 7
እማዬ ድሬዳዋ ኤርፖርት ድረስ ሸኘችኝ። "በይ አሸንፈሽ ነይ" አለች። እንዲህ ብላኝ አታውቅም። ቀኝ ዓይኔን ጨፍኜ አየኋት። ግማሽ ፊቷ የለም።

ነሐሴ 10
ሦስት ዙር አሸነፍኩ! አዳራሹ እንደ ገበያ ይጮኻል። ስድስት መቶ ተጫዋች... አራተኛው ዙር ላይ መጋረጃው መሃል ደረሰ። በአንድ ዓይን ቀጠልኩ። ካርዶቹ ይደራረቡብኛል። አንዷን ለማንሳት እጄን ሰድጄ ጠረጴዛውን ዳበስኩ። ተጋጣሚዬ አቆመና ዳኛ ጠራ። ያጭበረበርኩ መስሎት ይሆን ብዬ ነበር። ለካ ደንግጦልኝ ነው።
የቀረውን ሁሉ ተሸነፍኩ።

ነሐሴ 17
አዲስ አበባ። ኦፕራሲዮን ተደረግኩ። በግንባሬ ተደፍቼ እንድተኛ ታዝዣለሁ። ይህን የምትጽፍልኝ ሥርጉት ናት። እሷ ባለችበት ስለ እሷ ምን ይባላል?

ጥቅምት 4
ሐረር። ዛሬ ሥራ ጀመርኩ። አንዲት ብሎን ለመያዝ አራት ጊዜ ሳትኩ። የአዲስ አበባው ሐኪም ግራው ከብርሃን በቀር አያይም ብሏል፤ ቀድመሽ ብትመጪ ኖሮ... ንግግሩን አልጨረሰውም።
ማታ እማዬ ከጎኔ ተቀመጠች።
"ለምን አልነገርሽኝም?"
"አትሂጂ እንዳትይኝ።"
"እልሽ ነበር። እጅሽን ይዤ አዲስ አበባ እወስድሽ ነበር።"
የተቀመጠችው በግራዬ ነው። ማልቀሷን ያወቅኩት በትንፋሿ ነው።