የስኳር ትርጓሜ

ይድረስ ለምወድዎ አባቴ ለመሪጌታ ገድሉ፤ ደቅ ደሴት።

አባቴ ሆይ፣ ጤናዎ እንዴት ነው? ማኅሌት ቆመው ሲያድሩ የሚያምምዎት ጉልበትስ ተሻለዎት? እማዬስ ዓይኗ እንዴት ሆነላት? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ፤ ከናፍቆታችሁ በቀር ባሕር ዳር የጎደለብኝ የለም።

ጀልባ ነጂው ምናሴ እህቴ ወለላ የኤችአይቪ መድኃኒቷን እንዳቆመች ነገረኝ። እርስዎ በሬዲዮ «ኤችአይቪ ስኳር የለበሰ ነው» ሲባል ሰምተው ስኳርና ማር ከልክለዋታል፤ ልብሱን ካጣ ራሱ ይሞታል፣ ክኒኑ ምን ያደርጋል ብለዋል አሉ። ደነገጥሁ። ግን ልቆጣዎ አልቻልሁም፤ እርስዎም ለሷ ብለው ማር መቅመስ ትተዋል አሉ። ስሟን ወለላ ብለው አውጥተው ማር ሲነሷት ግን ትንሽ ሳቅሁ።

በስልክ ጆሮዎ አልይዝ ስለሚልዎ ልጻፍልዎ አልሁ። በኮሌጁ ላቦራቶሪ የምንማረው ይህንኑ ነውና ይመኑኝ። ቃልን አንድም፣ አንድም እያሉ መተርጎም ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት። ስኳር አንድም የሻይ ስኳር ነው። አንድም «ስኳር አለበት» የምንለው ሕመም ነው። አንድም ሰውነታችን ራሱ የሚሠራው፣ ዓይን የማያየው የሕዋስ ሽፋን ነው፤ የሬዲዮው ይህ ነው። ቫይረሱ ከገባበት ሕዋስ ሲወጣ ያንን ሽፋን ደርቦ ይወጣል። የቤቱን ጋቢ ደርቦ የገባ ሌባ ውሻው እንደማይጮህበት፣ የሰውነታችን ዘቦችም ዘመድ መስሏቸው ያሳልፉታል። አንዳንዱ ዘብ እንዲያውም በዚያው ሽፋን ይዞ ወደ ሌሎቹ ዘቦች ያደርሰዋል፤ ቫይረሱ የሚያጠቃውም እነሱኑ ነው። ማር ቢቀር ሽፋኑ አይቀርም፤ ሰውነት ከእንጀራውም ከሽሮውም ይሠራዋል። ቫይረሱን እንዳይራባ የሚያግደው ክኒኑ ነው።

አባቴ፣ ወለላ ነፍሰ ጡር ናት። ክኒኗን ሳታቋርጥ ከወሰደች ልጁ ከቫይረሱ ነጻ ሆኖ የመወለድ ተስፋው ትልቅ ነው፤ እንዳቆመች ከቀረች ግን ለሁለቱም እፈራለሁ። ጠበሉንም ትጠጣ፣ ክኒኑንም ትዋጥ፤ አንዱ ሌላውን አይከለክልም። ምናሴ ሲመለስ አብራው እንድትመጣ ይላኩልኝ፤ እዚህ መድኃኒቱን የምትሰጠውን ነርስ አነጋግሬያታለሁ፣ እየጠበቀቻት ነው። ከኔም ከነርሷም ይልቅ ወለላ የምትሰማው እርስዎን ነው። ዋጪ ካሏት ትውጣለች።

እማዬን ጉልበቷን ስሜያለሁ ይበሉልኝ። የወለላን ባል ጌትነትን አይዞህ ይበሉልኝ። ወለላን ግንባሯን ይሳሙልኝ፤ እወድሻለሁ ብላሻለች ይበሏት። ለማኅፀኑም እንግዳ፣ ስም ገና ባይወጣለትም፣ ሰላምታዬ ይድረሰው፤ አያቱ እርስዎ ነዎትና አልሰጋም።

ልጅዎ መቅደላዊት ገድሉ
ባሕር ዳር፣ ግንቦት ፲፪ ቀን ፳፻፲፯ ዓ.ም.