መብራቱ በዓወል ራስ፣ ሣጥኑ በእኔ ትከሻ

ኅዳር 24 ቀን 1978 ዓ.ም.
አልዩ አምባ

ደብረ ብርሃን ለሚገኘው የሰብል አጥፊ አራዊት አዳኝ ቡድኖች ማስተባበሪያ ጽሕፈት ቤት
ለተከበሩ ጓድ ኃላፊ

ይህች ደብዳቤ የደብረ ብርሃን ብርድ ሳይደፍርዎ፣ ዓይንዎና ጉልበትዎ እንደጸኑ፣ መላው ቤተሰብዎም በደኅና ውሎ በደኅና እያደረ ታገኝዎት ዘንድ ከቆላው ሙቀት ውስጥ ሆኜ ከልብ እመኝልዎታለሁ። ሳላሽጋት በመላኬ እንዳይቀየሙኝ አደራ እላለሁ። ታሽገው የሚሄዱት ደብዳቤዎች ተከፍተው እንደሚደርሱ ስለማውቅ፣ የእኔንም የማሸጊያ ሙጫ፣ የሌላውንም የመክፈት ድካም ለማዳን ብዬ፣ አንዷን ቅጂ ለእርስዎ ልኬ ሌላይቱን በገበያ ቀን በገበሬ ማኅበራችን በር ላይ እለጥፋታለሁ።

ቆመው ለሚያነቡ መንገደኞች ጉዳዩን በአጭሩ ላስረዳ። ከአምናው ድርቅ በኋላ ዘንድሮ ዝናቡ መጣ። ማሽላው ቆመ። ማሽላው እሸት ሲይዝ ከርከሮው ከገደሉ ሥር እየወጣ ይገባበት ጀመር። ጎረቤቴ ዓወል ዓብዱ የቡድናችን ተኳሽ ነው። እስከ ዘንድሮ ድረስ የእጅ ባትሪውን በጥርሱ ነክሶ፣ ምንሽሩን በሁለት እጁ ይዞ ነበር የሚያድነው። እንግዲህ ጽሕፈት ቤትዎ በራስ ላይ የሚታሰር፣ ቀላል፣ የባትሪ ድንጋይ የማይፈልግ፣ በኤሌክትሪክ የሚሞላ መብራት ሊሰጠን መወሰኑን፣ ዓይነቱንም ራሳችን መጥተን እንድንመርጥ መጋበዛችንን በሰማን ጊዜ፣ ዓወል ከደስታው ብዛት ጥርሱን አሳየኝ። በባትሪው ቆርቆሮ ተሸርፏል።

አንድ ነገር ልጨምር። ሰብል ገምጋሚዎች በወሩ መጨረሻ ይመጣሉ። ማሳው ላይ እህል ያልተገኘበት ሰው ከነቤተሰቡ ለሰፈራ ይመዘገባል። ዓወል ከዚች ማሽላ በቀር ሌላ የለውም። ሚስቱ ረሒማና ልጆቹ ይህን ያውቃሉ። ከርከሮው ብቻ አያውቅም።

ከዚህ ቀጥሎ ምስጋናዬን በተራ አቀርባለሁ።

አንደኛ። ስለ ምርጫው አመሰግናለሁ። ከእነዋሪ፣ ከአረርቲና ከእኛ ዘንድ የመጣን አዳኞች በአዳራሽዎ ተሰብስበን ሳለ ጠረጴዛው ላይ ሁለት መብራቶች ቀርበውልናል። አንደኛዋ ትንሽ ነበረች፤ አምፖሏም ኃይሏም በአንድ ማሰሪያ ላይ ያሉ፣ ስትያዝ እንደ እንቁላል የምትቀል። ሁለተኛው አምፖሉ ለብቻ፣ አሲድ የተሞላው ሣጥኑ ለብቻ ሆኖ በመካከላቸው ወፍራም ሽቦ የተዘረጋበት ነው። ጊዜው ቀትር ነበርና መስኮቱ ተከፍቶ ፀሐይ ጠረጴዛው ላይ ስላረፈች፣ ሁለቱም ሲበሩ መብራታቸውን ልንለይ አልቻልንም። የዕቃ ክፍሉ ጓድ ትንሿ ለናሙና ብቻ የመጣች መሆኗን ገልጸው፣ ምርጫው ግን ፍጹም ነጻ እንደሆነ አስረድተው፣ ለትልቁ እጅ እንድናወጣ ጋበዙን። ዓወል ቀደም ብሎ ለትንሿ እጁን አንሥቶ ነበር። ዞር ብሎ አየ። ብቻውን ነበር። ያነሣውን እጅ ወደ ጥምጥሙ ሰደደና ራሱን አከከበት። እኔ አጠገቡ ተቀምጫለሁ። እጄ ጭኔ ላይ ናት። የሌላ ሰው እጅ ይመስል እመለከታት ነበር፤ ከዚያ ከሌሎቹ ጋር ስትነሣ አየኋት። በሙሉ ድምፅ መረጥን።

ሁለተኛ። ስለ ክብደቱ። መብራቱ ቀላል አይደለም ብለን ባመለከትን ጊዜ፣ ሸክሙ ለሁለት ሰው ስለሚካፈል ቀላል ነው የሚል መልስ ሰጥታችሁናል፤ በዚህ ስሌት ላይ የምጨምረው የለኝም። በመመሪያው መሠረት አምፖሉ በዓወል ስም፣ ሣጥኑ በእኔ ስም ተመዝግቧል። ሽቦው በሁለቱም ጫፍ በቀለጠ እርሳስ ታሽጓል። አንድ ሰው ሁለቱን ይዞ እንዳይገኝ በጥብቅ ተከልክሏል፤ ብቻውን መብራት የያዘ ሰው በዚያ ገደል አፋፍ ላይ ሆኖ ለማን ምልክት እንደሚሰጥ አይታወቅምና። ስለዚህ ዓወል ከፊት፣ እኔ ከኋላ። ሽቦው ከአንድ ሰው ቁመት አይበልጥም። ሲቆም እቆማለሁ። ሲያጎነብስ አጎነብሳለሁ። እሱ የሚያየውን እኔ አላይም፤ እኔ የማየው የጥምጥሙን ጀርባ ነው። አሲዱ የኮቴን ትከሻ በልቶ ሸሚዜን ጀምሮታል።

ዓወል መጀመሪያ ሰሞን ይቀልድብኝ ነበር። «ገብሬ፣ ሚስቴ እንኳ እንዲህ አልተከተለችኝም» ይለኛል። ረሒማም ከደጃፏ ሆና፣ «ተከተለው ወንድሜ፣ የት እንዳመሸ የሚነግረኝ ሰው አገኘሁ» ትላለች። ረሒማ በቀልድ የተናገረችውን ጽሕፈት ቤታችሁ በቁም ነገር ይዞት ኖሯል። ሣጥኑን ለማስሞላት በመጣሁ ቁጥር ወደ ጎን እየጠሩ መብራቱ ወዴት ዞረ ብለው ይጠይቁኛል። ወደ ከርከሮው፣ እላለሁ። ከዚያስ? ወደ ከርከሮው። ከዚያ ወዲህ በመንገድ ላይ ከሰው ኋላ ስሄድ ራሴን ሳገኘው እደነግጣለሁ። ወደ ፊት እቀድማለሁ፣ ወይም ቆሜ አሳልፋለሁ። የተሸከምሁት ሣጥን ብቻ መስሎኝ ነበር።

ስለ ሐቀኝነት አንድ ጥፋት ላስመዝግብ። ዓወል መግሪብ ሲደርስበት አምፖሉን አውልቆ በእኔ ራስ ላይ ያስረዋል፤ ሰግዶ እስኪጨርስ ሁለቱም እኔ ላይ ናቸው። መመሪያው የሚከለክለው ይህንኑ ነው። እኔ የቄስ ወልደአረጋይ ልጅ፣ ለሶላት መብራት ይዤ ቆምሁ። ከባድ ነበር፣ ግን ይቻላል።

ሦስተኛ። ስለ አሞላሉ። ሣጥኑ የሚሞላው ደብረ ብርሃን፣ በጽሕፈት ቤቱ ሶኬት ብቻ ነው። በእግር ሽቅብ እስከ ጎረቤላ፣ ከዚያ የጭነት መኪና ለምነን። በሽቦ የተያያዝን ስለሆንን ሁለታችንም በአካል መቅረብ ይኖርብናል፤ የይለፍ ወረቀትም ለየራሳችን። ከዚህም በላይ የተገደለ ከርከሮ ጅራት ይጠየቃል። ጅራት ላላመጣ አይሞላለትም፤ ያልተሞላለትም ጅራት ከየት ያመጣል ተብሎ እስከ ዛሬ አልተጠየቀም። ሥጋው በእኔም በዓወልም ሃይማኖት የተከለከለ ስለሆነ ጅራቱን ማን ይያዝ በሚለው ዳገቱን እስክንጨርስ እንከራከራለን። «አንተ ያዘው፤ አባትህ ቄስ ነው፣ ቤት ስትገባ ይፈታሃል» ይለኛል ዓወል። «እኔንስ ማን ይፈታኛል?» ብሎ ይጨምራል። ጅራቱን እኔ እይዛለሁ።

እኛ ሶኬቱ ፊት ተራ ስንጠብቅ ማሳው ባዶውን ያድራል። ረሒማ ከልጆቿ ጋር ቆርቆሮ ትደበድባለች። አንድ ጊዜ ተመልሰን ስንመጣ፣ ድምፅዋ ጠፍቶ፣ ቆርቆሮውን እግራችን ሥር ጣለችና፣ «ድሮ ከርከሮው መቼ እንደምትመጡ አያውቅም ነበር፤ አሁን ባትሪያችሁ መቼ እንደሚያልቅ ከእናንተ ይልቅ እሱ ያውቃል» አለችን። ከወንዙ ወዲህ ያለው ማሽላ ያለቀው እንዲህ ነው። እኔ ሣጥኑን የት እንደማስቀምጠው ጠፍቶኝ ተሸክሜው ቆሜ ቀረሁ።

አራተኛ። አራተኛውን ጽፌው ነበር። መልሼ አነበብሁት። ቀደድሁት። ቁጥሩ እንዳይጎድልብዎ ቦታውን ብቻ ትቻለሁ።

አምስተኛ። ስለ ሽቦው ጥንካሬ። ከኅዳር ሚካኤል በኋላ ባለው ሳምንት ከርከሮው ከማሽላው ውስጥ ወጥቶ በቀጥታ ወደ ብርሃኑ መጣ። ዓወል አነጣጥሮ ሊተኩስ ወደ ግራ ረገጠ። እኔ ፈርቼ ወደ ቀኝ ሸሸሁ። በመካከላችን ግራር ነበረ። ሽቦው ግንዱ ላይ ተወጠረ እንጂ አልተበጠሰም። ዓወል ከራሱ ወደ ኋላ ተጎትቶ በጀርባው ወደቀ፤ ከርከሮውም በክራንቻው ጭኑን ቀደደው። መብራቱ አልጠፋም። ከወደቀበት ሆኖ የግራሩን ቅርንጫፎች አንድ በአንድ ወለል አድርጎ አሳየን። ለዕቃው ጥራት ምስክር የሚያስፈልግዎ ከሆነ እኔ አለሁ። ማን ማንን እንደጎተተ ግን አልመሰክርም። አላውቅም። አንዳንድ ጊዜ የማውቅ ይመስለኛል።

ዓወልን በቃሬዛ ጎረቤላ ጤና ጣቢያ አደረስነው። ቁስሉ ተሰፍቶለት ቤቱ ተኝቷል፤ በእግሩ መቆም አይችልም። አደጋውን ለጽሕፈት ቤትዎ ባሳወቅሁ ጊዜ የደረሰኝ መልስ ስለ ጭኑ አያነሣም፤ የሽቦው እርሳስ አለመነካቱን በአስቸኳይ እንዳረጋግጥ ግን ያዝዛል። ስላሰባችሁልን አመሰግናለሁ። እርሳሱ ደኅና ነው።

አሁን ነገሩ እንዲህ ሆኗል። መብራቱን ሌላ ተኳሽ እንዲወስደው ሁለታችንም ደብረ ብርሃን በአካል ቀርበን መፈረም አለብን። ዓወል መቅረብ አይችልም። እኔ ብቻዬን ብቀርብ አልቆጠርም፤ ይህንንም ቀርቤ አረጋግጫለሁ። መብራቱ ከዓወል አልጋ በላይ በግድግዳው ላይ ተሰቅሏል፤ እንደተሞላ፣ እንደታሸገ። ከወንዙ ማዶ ያለው ማሽላ ገና አለ። ቀልቷል። ከዓወል አልጋ ሆኖ ከርከሮው ሲያኝከው ይሰማል።

ስለዚህ፣ ጓድ ኃላፊ፣ ጊዜዎን ባባከንሁበት በዚህ ሁሉ መጨረሻ ልመናዬ አንዲት ናት። በጽሕፈት ቤቱ የመስታወት ቁም ሣጥን ውስጥ ያለችውን ትንሿን መብራት እስከ ወሩ መጨረሻ እንዲያውሱን፣ እለምንዎታለሁ። አንድ ሰው በራሱ ላይ አስሮ በሁለት እጁ የሚተኩስባት ናትና። ናሙናነቷ አይጎዳም፤ እንዲያውም የምን ናሙና እንደሆነች ይታወቃል። ይህም ከመመሪያው ውጪ ከሆነ፣ ዓወል እስኪነሣ ድረስ ትልቁን መብራት ከነሣጥኑ እኔ ብቻዬን ተሸክሜ ማሽላው ውስጥ እንድቆም ይፈቀድልኝ። መብራቱ ወዴት እንደዞረ የሚነግራችሁ ሰው ከኋላዬ የፈለጋችሁትን መድቡ። እኔ መተኮስ አልችልም። ከርከሮው ግን ይህን አያውቅም።

ለሰጣችሁን ብርሃን፣ ለተቀበላችሁን ድምፅ፣ ላልጠየቃችሁን ጤና፣ ለእርሳሱም ጭምር ምስጋናዬን እያቀረብሁ፣ መልስ ቢመጣም ባይመጣም በዚሁ ሽቦ ጫፍ ላይ እንደምገኝ በታላቅ ትሕትና አሳውቃለሁ።

የእርስዎው ታዛዥ
ገብረአብ ወልደአረጋይ
ሣጥን ተሸካሚ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ደብዳቤዬን ጨርሼ በሩ ላይ የምለጥፍበት ሙጫ ስፈልግ ገምጋሚዎቹ ከቀናቸው ቀድመው ዛሬ ጠዋት መጡ። ከወንዙ ወዲህ ባለው ማሳ ገብተው የተበላውን አገዳ አዩ፤ ወደ ማዶው ግን ሳይሻገሩ ተመለሱ። ዓወልንና ቤተሰቡን መዝግበዋል። ሰብሉ የጠፋበት ምክንያት በሚለው ቦታ ላይ፣ መብራት ተሰጥቶት እያለ በስንፍና፣ ብለው ሞልተዋል፤ ለስጦታው ማስረጃ መገኘቱ ጽሕፈት ቤትዎን እንደሚያስደስት አልጠራጠርም። ስለዚህ ልመናዬን ይተዉት። በምትኩ ዓወል ከአልጋው ሆኖ፣ አንተ ጽሑፍ ታውቃለህ፣ ጠይቅልኝ ያለኝን ብቻ ይመልሱልኝ፦ በሚወስዱት አገር ከርከሮ አለ ወይ? ካለ መሄዱን ብዙ አይፈራውም። ከርከሮ ባለበት የሚበላ ሰብል አለ ማለት ነው፣ ይላል።