የእንጉዳዩ ክምር ሙቀት

ነቀምቴ፣ ጥቅምት ፲፱ ቀን ፲፱፻፷፪ ዓ.ም.

ሁለት ሳምንት ሙሉ ለእንጉዳዩ ያገላበጥኩት ፋንድያና የጤፍ ጭድ ዛሬ ጠዋት በኮባ ቅጠል ተሸፍኖ፣ ድንጋይ ተጭኖበት አገኘሁት። የሸፈኑት ጎረቤቴ አዴ ጫልቱ ናቸው። "ሌሊቱ ብርድ ነበር፤ እንደ ቆጮ አለበስኩልሽ" አሉኝ ደስ ብሏቸው። እጄን ከተትኩ፤ ግለቱ አምስት እስክቆጥር እንኳ አላስቻለኝም። ቅጠሉን ስገልጠው የፈረስ ሽንት የመሰለ ሽታ ዓይኔን አስለቀሰኝ።

"ለፋንድያ ታለቅሻለሽ እንዴ፣ ኢንተላ ኮ፣ ልጄ?" ብለው ሳቁብኝ።

ባለሱቁ ስኳር በጠቀለለልኝ ወረቀት ላይ ያነበብኩት ስለዚሁ ሽታ ነበር። እንጉዳዩ የሚመገበው ናይትሮጅን ሙቀቱ መጠነኛ ሲሆን ጭዱ ውስጥ ይቀራል፤ ሙቀቱ ሲበዛ ግን እንዲህ ያለ ሽታ ሆኖ ይበናል። ሽታው ሳይጠፋ የእንጉዳዩ ዘር ከተዘራም ይሞታል። ክምሩ እንዴት እንደሚበርድ የሚናገረው ግን ወረቀቱ በተቀደደበት በኩል ነበር።

ብገልጠው ናይትሮጅኑ ይወጣል፤ ብሸፍነው ይበልጥ ይግላል። ግማሹን ገልጬ አጠገቡ ተቀመጥኩ። ዲጋ ከተማ ያስተምር የነበረው መምህር ወደ አገሩ ከመመለሱ በፊት የሰጠኝ ዘር አንድ ጠርሙስ ብቻ ነው፤ እሱም መጥቆር ጀምሯል። ከነገ አያልፍም። ሌላ የሚሰጠኝ ሰው አላውቅም።

ወደ ማታ ሽታው ጠፋ። አዴ ጫልቱ በአጥሩ በኩል ብቅ ብለው "ይኸው፣ ዳነልሽ" አሉኝ። ናይትሮጅኑን ጭዱ ይዞት ይሁን ወይስ በንኖ አልቆ፣ በምን ልወቅ? ሁለቱም አይሸቱም።